ንግሥት እሌኒ፡- የሀዲያ ልጅ፣ የነገሥታት እናት

በሌሞ ወረዳ በተከበበችው የሆሳዕና ከተማ የሚገኘው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆኖ በስማቸው ይጠራል። ከአምስት መቶ ዓመታት በፊት ያረፉት እኚህ ሴት በአብዛኛው የሚታወሱት በመንግሥት ሥራቸው ነው። የብዕርና የጥበብ ሰው መሆናቸው ግን እምብዛም አይነገርም።

እሌኒ የሀዲያው ገዥ የገራድ መሐመድ ልጅ ነበሩ። በዚያ ዘመን ሀዲያ ከዛሬው ዞን እጅግ የሰፋ፣ ለንጉሠ ነገሥቱ የሚገብር የሙስሊሞች አገር ነበር። ልዕልቲቱ ክርስትናን ተቀብለው ከአፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434-1468) ጋር በጋብቻ ተሳሰሩ፤ ቀኝ በአልቲሐት የተሰኘውን የንግሥትነት ማዕረግም አገኙ። ይህ ጋብቻ የሁለት ቤቶች ውል እንደነበር ግልጽ ነው። ውሉ ግን ቀላል ሸክም አልነበረም። በባላቸው ዘመነ መንግሥት የአባታቸው ልጅ ገራድ መሂኮ ግብር አልከፍልም ብሎ በማመጹ ተሳድዶ ተገደለ፤ ሹመቱም ለአጎቱ ለባሞ ተሰጠ። እሌኒ ወንድማቸውን ያሳደደው መንግሥት ንግሥት ነበሩ።

ከአብራካቸው የተገኘ ልጅ አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ የአፄ በእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳ በንጉሡ ቁጣ ተደብድበው ሕይወታቸው በማለፉ፣ ልጁ በ1468 ሲነግሡ እሌኒን እንደ እናት አከበሩ። እሌኒ ከዚያ በኋላ የአፄ እስክንድርን፣ የሕፃኑን የዳግማዊ ዓምደ ጽዮንንና የአፄ ናዖድን ዘመን አይተዋል። በ1508 ደግሞ ገና በልጅነታቸው ዘውድ የጫኑትን የአፄ ልብነ ድንግልን ሞግዚትነት ይዘው አገር መርተዋል። ከባላቸው ጋር ስድስት ነገሥታት መሆናቸው ነው።

የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት የድርሰት ቤት ጭምር ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ደራሲ ነበሩ፤ ለእመቤታችን 33 በዓላት እንዲከበሩ መሥራታቸውም የታወቀ ነው። በዚህ ቤት የኖሩት ንግሥት ሁለት የግዕዝ መጻሕፍትን እንደደረሱ የአፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ በሊዝበን ሳሉ መስክረዋል፤ ምስክርነታቸውም በ1540 በላቲን ታትሟል። አንደኛው “እንዚራ ስብሐት” ስለ ሥላሴና ስለ ድንግል ማርያም የሚናገር ሲሆን፣ ሁለተኛው “ጸዳለ ፀሐይ” ስለ እግዚአብሔር ሕግ የሚያስተምር ነበር። በሌላ ሃይማኖት ተወልዶና አድጎ፣ በሊቃውንት ቋንቋ እጅግ ረቂቅ ስለሆነው የሥላሴ ትምህርት መጻፍ ለማንኛውም ሰው የሚያስገርም ነው። በጎጃም እነብሴ ሳር ምድር ያሠሩት መርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም በወርቅ ያጌጠ እንደነበር የፖርቱጋል ተጓዦች ጽፈዋል።

ንግሥቲቱ የቱርኮችን በቀይ ባሕር መበርታት አስቀድመው በመገንዘብ፣ አርመናዊውን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላኩ። መልእክተኛው በሕንድ በኩል ብዙ እንግልት ደርሶበት በ1514 ሊዝበን ገባ። ደብዳቤው ለመርከበኞች ስንቅ ለማቅረብ ቃል ከመግባቱም በላይ የሁለቱ ነገሥታት ልጆች እንዲጋቡ ሐሳብ ያቀርባል። ይህን የጻፉት ጋብቻ አገርን ከአገር እንዴት እንደሚያስተሳስር በራሳቸው ሕይወት ያዩ ሴት መሆናቸውን ልብ ይሏል።

የፖርቱጋል ልዑካን በ1520 ምጽዋ ሲደርሱ ግን ሁኔታው ተለውጦ ነበር። አፄ ልብነ ድንግል ከጥቂት ዓመታት በፊት ኢማም ማሕፉዝን ድል በማድረጋቸው የባዕድ ርዳታ አስፈላጊነት አልታያቸውም። እንደ እሌኒ ለጋብቻ የመጣችላቸውን የሀዲያ ልዕልትም የፊት ጥርሶቿ ትልልቅ ናቸው በሚል ምክንያት ለሌላ መኰንን እንደዳሯት፣ ይህም ከሀዲያ ጋር ጠብ እንዳስነሳ የልዑካኑ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ዘግቧል። በሽማግሌዋ ንግሥት ዘመን እንዲህ ያለው ነገር ይደረግ ነበር ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

እሌኒ በ1522 ገደማ አረፉ። ዕድሜያቸው ሰማንያ ሳይደርስ አልቀረም። አልቫሬዝ እንዳመለከተው ሕዝቡ አባትም እናትም እንደሞተበት ቆጥሮ በብርቱ አለቀሰ፤ ትልቁም ትንሹም ጠባቂ እንዳጣ ተሰማው። በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ የንጉሡ ጦር በኢማም አሕመድ ተሸነፈ። በተከተሉት የጦርነት ዓመታት መርጡለ ማርያም ተዘርፎ ተቃጠለ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢየሱሳውያን እንደገና የሠሩት ሕንፃም ፈርሶ፣ ቅርጻ ቅርጽ ያለበት የድንጋይ ግንቡ ዛሬም በስፍራው ይታያል።