የፋዩም በረሃ የዓሣ ነባሪ ጥርሶችና የዶክተር ጌኦርግ ሽቫይንፉርት ሕይወት

ከካይሮ በስተደቡብ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው የፋዩም ረባዳ ምድር፣ ከቃሩን ሐይቅ በስተሰሜን ባለው ደረቅ ገደላማ ሥፍራ በ1886 አንድ የታችኛው መንጋጋ አጥንት ተገኘ። ጥርሶቹ ከሞላ ጎደል በቦታቸው ነበሩ። መንጋጋው የዓሣ ነባሪ ሲሆን፣ እንስሳው በሕይወት የነበረው ሥፍራው በባሕር ተሸፍኖ በነበረበት፣ ዛሬ ከ35 ሚሊዮን ዓመታት በላይ በሆነው ዘመን ነው።

አጥንቱን ያገኙት ዶክተር ጌኦርግ ሽቫይንፉርት የዕፅዋት ተመራማሪ ነበሩ። ስማቸው በአውሮፓ የገነነው በመካከለኛው አፍሪካ ባደረጉት ጉዞ ነው። ይሁንና የፋዩም ሥራቸው ከጉዞው ዝና ባላነሰ ሊታወስ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ጥርሱን ማግኘታቸው ብቻ ሳይሆን ከየትኛው የአለት ንብርብር እንደወጣ መዝግበው ማስቀመጣቸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሽቫይንፉርት በ1836 መጨረሻ በወቅቱ በሩሲያ ግዛት ሥር በነበረችውና ዛሬ የላትቪያ ዋና ከተማ በሆነችው ሪጋ ከጀርመናውያን ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው የወይን ጠጅ ነጋዴ ነበሩ። በሃይደልበርግ፣ በሙኒክና በበርሊን ዩኒቨርሲቲዎች የዕፅዋትና የቅሪተ አካል ጥናት ተከታትለዋል። ወደ አፍሪካ የሳባቸው በሱዳን ተጉዘው የነበሩ ጀርመናውያን ያመጡትን የደረቁ ዕፅዋት ስብስብ እንዲለዩ በኃላፊነት መረከባቸው እንደሆነ የሕይወት ታሪካቸው ያስረዳል።

ከ1863 እስከ 1866 የቀይ ባሕርን ዳርቻና በባሕሩና በዓባይ መካከል ያለውን ምድር እየተመላለሱ አጠኑ። በዚሁ ጉዞ በ1865 ገላባትና መተማ አካባቢ ቆይተው ዕፅዋት ሰብስበዋል። የጉዞው ውጤት የሆነው ስለ ኢትዮጵያ ዕፅዋት የሚያወሳው ሥራቸው በ1867 በርሊን ላይ ታትሟል። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ምሁራን ኢትዮጵያ በሚለው ስም ከዛሬው የአገሪቱ ወሰን የሚሰፋ አካባቢን ይጠሩበት እንደነበር እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

በ1868 በርሊን የሚገኘው በአሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ስም የተቋቋመ የምርምር ድርጅት ለሁለተኛ ጉዞ ላካቸው። በ1869 መጀመሪያ ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይ ሽቅብ ወደ ባሕር አል-ገዛል ዘለቁ፤ ከዚያም ከዝሆን ጥርስ ነጋዴዎች ጋር በመሆን የዲንካን፣ የቦንጎንና የዛንዴን ሕዝቦች ምድር አቋርጠው በ1870 የማንግቤቱ ንጉሥ ከነበረው ሙንዛ ዘንድ ደረሱ። ወደ ምዕራብ የሚፈሰው የኡኤሌ ወንዝ የዓባይ ገባር አለመሆኑን የተረዱትም በዚሁ ጉዞ ነው።

የዚህ ጉዞ ታሪክ በክብር ብቻ የሚነገር አይደለም። የተጓዙባቸው የነጋዴ ሰፈሮች የባሪያ ንግድ ማዕከላት ጭምር ነበሩ። ሽቫይንፉርት ንግዱን አውግዘው ቢጽፉም መንገዳቸውን የከፈተላቸው ይኸው የነጋዴዎች ኃይል ነበር። በማንግቤቱ ምድር የሰው የራስ ቅሎችን ሰብስበው ወደ በርሊን ልከዋል። ንሴውኤ የተባለውን የአካ ብሔር ተወላጅ ወጣት ይዘው ሲመለሱም ልጁ አውሮፓን ሳያይ በ1871 በርበር ከተማ ላይ ታሞ ሞቷል። ሁሉንም ነገር ሰብስቦ ወደ ሙዚየም የማጋዝ የዘመኑ ልማድ የዓሣ ነባሪውን ጥርስና የሰውን አጥንት በአንድ ዓይን የተመለከተ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለኋለኛው ሥራቸው መሠረት የሆነ የሚመስለው ክስተት የደረሰው በ1870 መገባደጃ ነው። በሰፈሩበት የነጋዴዎች ቅጥር ግቢ እሳት ተነሥቶ የሣር ጎጆዎቹን በአጭር ጊዜ በላቸው። ቀደም ብሎ ወደ ካርቱም ከተላከው በቀር የሰበሰቡት ዕፅዋትና ነፍሳት፣ የአየር ሁኔታ መዝገባቸው፣ የመለኪያ መሣሪያዎቻቸውና ማስታወሻዎቻቸው አመድ ሆኑ። ሰዓታቸውም ስለጠፋ ርቀትን የሚለኩበት መንገድ አልነበራቸውም። በመሆኑም በቀሩት ወራት ርምጃቸውን እየቆጠሩ ለመመዝገብ ወሰኑ፤ ቁጥሩም ወደ 1 ሚሊዮን 250 ሺህ ርምጃ ደርሷል። ካርታቸውን ያስተካከሉት በዚህ ቆጠራ ነው። የጉዞ መጽሐፋቸው በ1874 ለንባብ ሲበቃ በብዙ አገሮች ተነበበ።

በ1875 በካይሮ መኖር ጀመሩ። በከዲቭ ኢስማኤል ድጋፍ የተቋቋመውን የጂኦግራፊ ማኅበር በመሥራችነትና በመጀመሪያው ፕሬዚዳንትነት መርተዋል። በዓባይና በቀይ ባሕር መካከል ያለውን በረሃ ለዓመታት አጥንተዋል፤ ከፈርዖኖች መቃብር የወጡ የአበባ ጉንጉኖች ከየትኞቹ ዕፅዋት እንደተሠሩ ለይተዋል። ወደ ፋዩም ያመሩት በዚሁ ወቅት ነው።

የፋዩም ግኝት የነበረውን ክብደት ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1834 ሪቻርድ ሃርላን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ከሉዊዚያና የተገኘ ግዙፍ የጀርባ አጥንት መርምረው የባሕር ተሳቢ እንስሳ ነው በማለት ባሲሎሳውረስ፣ ማለትም ንጉሥ እንሽላሊት ብለው ሰየሙት። በ1839 ከአላባማ የተገኙ አጥንቶችንና ጥርሶችን ይዘው ለንደን ሲገቡ እንግሊዛዊው የአካል ሊቅ ሪቻርድ ኦወን ጥርሶቹን በስሱ አስቆርጠው በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። የኋለኞቹ ጥርሶች እያንዳንዳቸው ሁለት ሥር ነበራቸው። ይህ የተሳቢ እንስሳት ሳይሆን የአጥቢዎች ምልክት በመሆኑ እንስሳው ዓሣ ነባሪ መሆኑ ታወቀ። ኦወንም ዘውግሎዶን የሚል አዲስ ስም አቀረቡ፤ ትርጉሙ ባለ ቀንበር ጥርስ ማለት ነው። ሁለቱን ሥሮች አንድ አድርጎ የያዘው ጥርስ፣ ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር ለሚያጠምድ አገር አንባቢ ማብራሪያ የሚያሻው አይደለም። ሆኖም በስያሜ ደንብ መሠረት ቀድሞ የወጣው ስም ስለሚጸና፣ ዓሣ ነባሪው እስከ ዛሬ የእንሽላሊት ስም እንደያዘ ይገኛል።

ሌላው ታሪክ የሚያሳፍር ነው። በ1845 አልበርት ኮክ የተባለ ትውልደ ጀርመን የትርዒት ነጋዴ በአላባማ ከተለያዩ ሥፍራዎች የለቀማቸውን የበርካታ እንስሳት አጥንቶች አያይዞ ከ30 ሜትር የሚበልጥ የባሕር እባብ አገኘሁ በማለት በኒው ዮርክ በክፍያ አሳየ። አጽሙን የፕሩሺያ ንጉሥ ገዝተውት በርሊን ገባ። በ1849 ጥናቱን ያሳተሙት ዮሃንስ ሙለር የትኛው አጥንት ከየትኛው እንስሳ እንደመጣ ለመለየት ብዙ መድከም ነበረባቸው።

ሽቫይንፉርት በ1879 በቃሩን ሐይቅ ውስጥ በምትገኘው ገዚረት አል-ቀርን በተባለች ደሴት ላይ የመጀመሪያዎቹን የግብፅ ጥንታዊ ዓሣ ነባሪ ቅሪቶች አገኙ። በርሊን የነበሩት ቪልሄልም ዳሜስ በ1883 የዘውግሎዶን ወገን መሆናቸውን አስታወቁ። ሽቫይንፉርት በ1884 ከሐይቁ በስተሰሜን የሚገኘውን የቀስር አል-ሳጋ ቤተ መቅደስ ለምሁራን ያስተዋወቁ ሲሆን፣ ከዚያ በስተምዕራብ ባለው ገደል ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ከላይ የተጠቀሰውን መንጋጋ አገኙ።

በዚህ በረሃ ጥርስ መልቀም ከባድ አይመስልም። ነፋሱ አሸዋውን እየጠረገ አለቱን ይሞርደዋል፤ አጥንቱ በጨውና በፀሐይ ይሰነጣጠቃል፤ የጥርስ ሽፋን ግን ከአካል ሁሉ ጠንካራው በመሆኑ ከሌላው ይልቅ ይቆያል። ችግሩ ከአለቱ ተላቅቆ ወደ ታች የተንከባለለ ጥርስ ከላይኛው ንብርብር ይሁን ከታችኛው በራሱ አለመናገሩ ላይ ነው። በሁለቱ ንብርብሮች መካከል ደግሞ የሚሊዮን ዓመታት ልዩነት ሊኖር ይችላል። ሽቫይንፉርት የገደሉን ንብርብሮች ከታች ወደ ላይ እየለዩ በፊደላትና በቁጥር ምልክት ሰጥተው የእያንዳንዱን ግኝት ቦታ በዚያው ምልክት አሰፈሩ። ከእሳቸው በኋላ የመጡ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ በዚሁ ምልክት ተጠቅመዋል።

ዳሜስ በ1894 መንጋጋውን መርምረው ዘውግሎዶን ኦሲሪስ በሚል ስም አስመዘገቡት። የፊት ጥርሶቹ ሾጣጣና ባለ አንድ ሥር ናቸው፤ የኋለኞቹ ባለ ሁለት ሥር ሆነው ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የተሰነጠቀ ነው። ዛሬ ያሉ ጥርሳም ዓሣ ነባሪዎች ባመዛኙ አንድ ዓይነት፣ ባለ አንድ ሥር ጥርስ ብቻ ስላላቸው፣ መንጋጋው የየብስ አያቶቻቸው ጥርስ ገና ያልጠፋበትን ዘመን የሚያሳይ ማስረጃ ሆነ። ይህ ዝርያ ከ1992 ወዲህ የቦታውን ስም ይዞ ሳጋሴተስ ኦሲሪስ ይባላል።

በ1889 ወደ በርሊን ቢመለሱም ከእኛ አካባቢ አልራቁም። በ1891፣ በ1892 እና በ1894 በጣልያን ቅኝ ግዛት ሥር ወደነበረችው ኤርትራ ተጉዘው ዕፅዋት ሰብስበዋል። የአካባቢው ሕዝብ ለየተክሉ የሚሰጠውን ስም በፊደል ተራ ያሰባሰቡበት የአቢሲንያ የዕፅዋት ስሞች መዝገብ በ1893 ታትሟል። ገበሬውና እረኛው የሚያውቀውን ስም ከሳይንሳዊው ስም ጎን ማስፈራቸው ለንብርብሩ ምልክት ከሰጡበት ጥንቃቄ የሚለይ አይደለም።

በፋዩም የጀመሩት ሥራ በሌሎች እጅ ቀጠለ። በ1902 እና 1903 ክረምት የግብፅ የሥነ ምድር ጥናት ባልደረባ ሂዩ ቢድኔል ዛሬ ዋዲ አል-ሂታን፣ ማለትም የዓሣ ነባሪዎች ሸለቆ የሚባለውን ሥፍራ ደረሱበት። በ1990 ደግሞ ባሲሎሳውረስ ትናንሽ የኋላ እግሮች እንደነበሩት ከዚሁ ሸለቆ በተገኙ አጥንቶች ተረጋገጠ። ሥፍራው በ2005 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን አጽሞቹ ባሉበት እንዲጠበቁ ተደርጓል። በ2023 የግብፅ ተመራማሪዎች የመሩት ቡድን ከፋዩም የተገኘ፣ 41 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረና ርዝመቱ 2 ሜትር ተኩል የሚገመት ትንሽ ዓሣ ነባሪ ይፋ አድርጓል፤ እንስሳው ፈጥኖ ያድግ እንደነበር የተረዱትም ጥርሶቹን መርምረው ነው። የሽቫይንፉርት ዘመን ግኝት ሁሉ ወደ አውሮፓ መጋዙን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ታላቅ ለውጥ ነው።

ዶክተር ሽቫይንፉርት በ1925 በ88 ዓመታቸው በርሊን ላይ አርፈው በከተማዋ የዕፅዋት ጥናት የአትክልት ሥፍራ ተቀበሩ። በ1943 በጦርነቱ የቦምብ ድብደባ በዚያው የነበረው የደረቁ ዕፅዋት ቤት ተቃጥሎ ከስብስባቸው አብዛኛው ጠፋ፤ የተረፈው በሌሎች አገሮች የሚገኘው ተደራቢ ናሙና ነው። የፋዩሙ መንጋጋ ግን ጦርነቱን አልፎ በበርሊን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል።