ዊልያም ባንቲንግና ስለ ውፍረት የጻፉት ደብዳቤ

በለንደን ከተማ ከታወቁት ባለሙያ ነጋዴዎች አንዱ የነበሩት ዊልያም ባንቲንግ በ65 ዓመት ዕድሜያቸው ከፎቅ የሚወርዱት ወደኋላ እየተራመዱ ነበር። እንደ ሌላው ሰው ፊት ለፊት ከወረዱ የሰውነታቸው ክብደት በጉልበታቸውና በቁርጭምጭሚታቸው ላይ የሚያሳድረውን ጫና ሊችሉት አልቻሉም። ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ማሰርም ተስኗቸው ነበር። እኚህ ሰው ከአንድ ዓመት በኋላ ከ20 ኪሎ በላይ ቀንሰው ደረጃውን እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ይወርዱ ጀመር።

ዳቦን፣ ስኳርንና ድንችን በመቀነስ ክብደታቸውን ያስተካከሉ ሰዎች ታሪክ ዛሬ በየአገሩ ይነገራል። ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ የሚመዘኑት በጠፋው ኪሎ ብዛት ነው። ይሁን እንጂ የዚህ ዓይነቱ ታሪክ ሁሉ መነሻ የሆነው የባንቲንግ ሕይወት በጥሞና ሲመረመር ሌላ ሚዛን ያስገኛል። ባንቲንግን ለአክብሮት የሚያበቃቸው የቀነሱት ክብደት ብቻ ሳይሆን ስለ ራሳቸው የሰጡት ምስክርነት ሐቀኝነት ነው።

ባንቲንግ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1796 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ቤተሰባቸው በለንደን በሴይንት ጄምስ መንገድ የሬሳ ሣጥን የሚያዘጋጅና የቀብር ሥነ ሥርዓት የሚያስፈጽም ድርጅት ነበረው። ድርጅቱ የእንግሊዝን ቤተ መንግሥት የሚያገለግል ሲሆን፣ በ1852 የጦር መሪውን የዌሊንግተን መስፍንን፣ በ1861 ደግሞ የንግሥት ቪክቶሪያን ባለቤት የልዑል አልበርትን የቀብር ሥነ ሥርዓት ካስፈጸሙት አንዱ ነበር። ባንቲንግ በዚህ ሥራ ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አሳልፈው በጡረታ ሲገለሉ ኑሯቸው የተደላደለ፣ ስማቸውም የተከበረ ነበር።

የሚያሳዝነው ግን ሰውነታቸው ይህን ዕረፍት እንዲደሰቱበት የሚፈቅድ አለመሆኑ ነው። ቁመታቸው 165 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ክብደታቸው 202 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 92 ኪሎ ደርሶ ነበር። ጥቂት መንገድ ሲሄዱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ የእምብርት ቡአ ስለነበረባቸው መደገፊያ ይታጠቃሉ፤ ጉልበታቸውን በጨርቅ ይጠመጥማሉ፤ ዓይናቸው ይደክማል፤ ጆሯቸውም የመስማት ኃይሉ እየቀነሰ ሄደ። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳምማቸው በሕዝብ መካከል ሲገኙ የሚደርስባቸው ንቀትና መሳለቂያ ነበር። በዚህም ምክንያት ሰው ከሚሰበሰብበት ስፍራ መራቅን መረጡ።

ባንቲንግ ሰነፍ ወይም ለሆዳቸው ያደሩ ሰው አልነበሩም። ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው ውፍረት ሲጀምራቸው አንድ ሐኪም ወዳጃቸው የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ስለመከሯቸው በየማለዳው ጀልባ ይቀዝፉ ነበር። ቀዘፋው ጡንቻቸውን አጠነከረ፤ ነገር ግን የምግብ ፍላጎታቸውን ስለጨመረ ክብደታቸውም አብሮ ጨመረ። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ያልሞከሩት መድኃኒትና ያልተከተሉት ምክር አልነበረም። የባሕር አየር ቀየሩ፤ ፈረስ ጋለቡ፤ ወደ ሌሚንግተን፣ ወደ ቼልተነምና ወደ ሃሮጌት ሄደው ፈዋሽ የተባለውን ውሃ ጠጡ፤ በቱርክ የእንፋሎት ባኞ ታጠቡ፤ ምግብም ቀነሱ። ውጤቱ ጥቂት ኪሎ ቀንሶ እንደገና መጨመር ሆነ። ካማከሯቸው ታዋቂ ሐኪሞች አንዱ ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት መወፈሩ ተፈጥሯዊ እንደሆነና እሳቸውም ራሳቸው በየዓመቱ እንደሚጨምሩ ነግረው አሰናበቷቸው። ይህ የሕክምና ሙያ ባልደረባ ሁሉ ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባ ነው። ሕመምተኛው መፍትሔ ፍለጋ ደጅ የጠናው ከሐኪም ዘንድ ሆኖ ሳለ ችግሩ እንደ ሕመም ሳይቆጠርለት ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ።

መፍትሔው የተገኘው ባልታሰበ በር ነው። በኦገስት 1862 ባንቲንግ የመስማት ችግራቸው ስለባሰባቸው ሶሆ አደባባይ ወደሚገኙት የጆሮ ሐኪም ወደ ዊልያም ሃርቪ ሄዱ። ሃርቪ ጆሮውን ከመረመሩ በኋላ የችግሩ ምንጭ ጆሮው ሳይሆን ውፍረቱ ነው ብለው ደመደሙ፤ የተከማቸው ስብ በውስጠኛው የጆሮ ክፍል ላይ ጫና እንዳሳደረም ገመቱ። ሃርቪ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ፓሪስ በነበሩበት ጊዜ ታላቁ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ክሎድ በርናር ጉበት ስኳር የሚያመነጭ መሆኑን ያረጋገጡበትን ምርምር ተከታትለው ነበር። ከዚህም ተነሥተው በስኳር በሽታ ለተያዙ ሰዎች የሚታዘዘው ስኳርና ስታርች የጎደለው ምግብ ከመጠን ላለፈ ውፍረትም ሊረዳ ይችላል የሚል ሐሳብ አሳድረው ነበር። ባንቲንግም ይህ ሐሳብ የሚፈተንባቸው ሰው ሆኑ።

የሃርቪ ትእዛዝ አጭርና ግልጽ ነበር። ዳቦ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች እንዲቀሩ ተደረገ። ቁርሳቸው ከ110 እስከ 140 ግራም የሚመዝን የበሬ ወይም የበግ ሥጋ፣ ኩላሊት ወይም የተጠበሰ ዓሣ፣ ወተትና ስኳር የሌለበት ሻይ፣ ከ30 ግራም የማይበልጥ የተጠበሰ ደረቅ ዳቦም ሆነ። በምሳ ከ140 እስከ 170 ግራም ዓሣ ወይም ሥጋ ከድንች በስተቀር ከማንኛውም አትክልት ጋር ይመገባሉ፤ ወደ ማታ ፍራፍሬና ሻይ፣ በራት ደግሞ ጥቂት ሥጋ ወይም ዓሣ ይወስዳሉ። የወይን ጠጅ በየዕለቱ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ ይህን የዛሬ ሐኪም እንደ መድኃኒት አያዝዘውም። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የዳቦው መጠን በግልጽ የተወሰነ መሆኑ፣ ሥጋውም ቢሆን ያለ ልክ የሚበላ አለመሆኑ ነው።

ክብደቱ የቀነሰው በአንድ ጊዜ አይደለም። ባንቲንግ በየጊዜው እየተመዘኑ ቀኑንና ፓውንዱን በሠንጠረዥ መዘገቡ። በአማካይ በሳምንት ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ቅነሳ ነበር። ዓመቱ ሲሞላ ግን ክብደታቸው 156 ፓውንድ፣ ማለትም 71 ኪሎ ገደማ ደረሰ። የቀነሱት ጠቅላላ ክብደት 46 ፓውንድ ወይም ወደ 21 ኪሎ ሲሆን የወገባቸው ዙሪያም በ31 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠበበ። የመስማት ችሎታቸው ተሻሻለ፤ የጉልበት መጠምጠሚያውንም ተዉት።

ባንቲንግ ይህን ዕድል ለራሳቸው ብቻ ይዘው መኖር ይችሉ ነበር። ነገር ግን እንደ እሳቸው የሚሠቃዩ ሌሎች መኖራቸውን ስላሰቡ በ1863 ስለ ውፍረት ለሕዝብ የተጻፈ ደብዳቤ በሚል ርእስ አነስተኛ መጽሐፍ አዘጋጅተው በራሳቸው ገንዘብ አሳተሙ። የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን እትም በነፃ አደሉ። ሦስተኛው እትም በሽያጭ ሲወጣ ትርፉን ለበጎ አድራጎት ሰጡ። የሐኪም ዕውቀት እንደሌላቸው በግልጽ ተናገሩ፤ ያልተሳኩላቸውን ሙከራዎች ሁሉ አንድ በአንድ ዘረዘሩ፤ የተገኘውም ውጤት የሐኪማቸው ምክር ፍሬ እንጂ የራሳቸው ፈጠራ አለመሆኑን መሰከሩ። የሃርቪንም ስም በኋለኛው እትም ይፋ አደረጉ። መጽሐፉ በብዙ ሺህ ቅጂ ተሸጠ፤ ወደ ሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎችም ተተረጎመ። የባንቲንግ ስም በእንግሊዝኛ ክብደትን በምግብ መቀነስ የሚል ትርጉም ያለው ግሥ ሆነ፤ በስዊድን ቋንቋም ባንታ የሚለው ቃል ይህንኑ ትርጉም ይዞ እስከ ዛሬ ይነገራል።

የሕክምናው ዓለም አቀባበል ግን ቀዝቃዛ ነበር። ታዋቂው የሕክምና መጽሔት ላንሴት ሙያው የሌላቸው ሰዎች በሕክምና ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገቡ የሚያሳስብ ትችት አወጣ። አንዳንዶች ምክሩ አዲስ አይደለም አሉ። በእርግጥም ፈረንሳዊው ብሪያ ሳቫረን በ1825 ባወጡት መጽሐፍ ዱቄትና ስታርች የበዛባቸው ምግቦች እንደሚያወፍሩ ጽፈው ነበር። ሌሎች ደግሞ ሥጋ የበዛበት ምግብ ለጤና አያሰጋም ወይ ሲሉ ጠየቁ።

ከእነዚህ ትችቶች አንዳንዶቹ ተገቢ ነበሩ። የአንድ ሰው ውጤት ለሁሉ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም፤ ባንቲንግን ሳያስተውሉና ሐኪም ሳያማክሩ ለመከተል የቸኮሉም አልጠፉም። ሆኖም ትችቱ አንድ ጉዳይ ሳይመልስ አልፏል። ይኸውም ይህ ሕመምተኛ ሃያ ዓመት ሙሉ ከሐኪሞች ደጅ ሳይጠፋ ለምን መፍትሔ አጣ የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ በቁም ነገር ከተቀበሉት መካከል ሃርቪ ራሳቸው ይገኛሉ፤ በ1872 ውፍረት ከበሽታ ጋር ስላለው ግንኙነት ለሙያ ባልደረቦቻቸው መጽሐፍ አሳተሙ። በጀርመን አገርም ፊሊክስ ኒማየርና ቪልሄልም ኤብሽታይን ሥርዓቱን በየበኩላቸው አሻሽለው ሠሩበት። ከሁለቱ የመጀመሪያው ስቡ እንዲቀነስ፣ ሁለተኛው ግን ስቡ እንዲፈቀድ መምከራቸው ክርክሩ ምን ያህል የቆየ እንደሆነ ያሳያል።

ያ ክርክር አሁንም ፈጽሞ አልተዘጋም፤ ነገር ግን ብዙ ነገር ግልጽ ሆኗል። በ2018 በአሜሪካ በ609 ሰዎች ላይ የተደረገ የአንድ ዓመት ጥናት ካርቦሃይድሬት የቀነሱት በአማካይ 6 ኪሎ፣ ስብ የቀነሱት ደግሞ 5.3 ኪሎ ያህል እንደቀነሱ አሳይቷል፤ ልዩነቱም ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። በሁለቱም ወገን ብዙ የቀነሱም፣ ምንም ያልቀነሱም፣ የጨመሩም ሰዎች ነበሩ። እንዲሁም የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካርቦሃይድሬት በድንገት ቢቀንስ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ በታች ሊወርድበት ስለሚችል ያለ ሐኪም ክትትል ሊጀምረው አይገባም። ስለዚህ የባንቲንግ ምግብ ለሰው ሁሉ የሚሆን መድኃኒት አይደለም፤ ለሚስማማው ሰው ግን ውጤት ያለው መንገድ መሆኑ ታውቋል።

እንግዲህ ክብደታቸውን ከቀነሱ ሰዎች መካከል የማን ታሪክ ይደነቅ የተባለ እንደሆነ መልሱ ከባንቲንግ ሕይወት ሊገኝ ይችላል። ውጤቱን በቀንና በቁጥር የመዘገበ፣ ውድቀቱን ከስኬቱ ጋር ያልደበቀ፣ የረዳውን ባለሙያ ያመሰገነ፣ በችግረኛው ተስፋ ያልነገደ፣ ያገኘውንም ለውጥ በዓመታት ያጸና ሰው ነው የሚደነቀው። እንዲህ ያለ ምስክርነት ለሳይንስ ማስረጃ ባይሆንም ለጥያቄ መነሻ ይሆናል፤ ባለሙያውም ሕመምተኛውን በትዕግሥት እንዲያዳምጥ ያስገድዳል።

ዊልያም ባንቲንግ ማርች 16 ቀን 1878 በ81 ዓመታቸው ለንደን ውስጥ አረፉ፤ በብሮምፕተን መካነ መቃብርም ተቀበሩ። ሐኪሞች የዕድሜ ነገር ነው ብለው ካሰናበቱት ሕመም ተላቀው አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ኖረዋል። የመሳፍንትን ቀብር በማስፈጸም የታወቀው ቤተሰብ ስም ዛሬ በሕዝብ ዘንድ የሚታወሰው ከዚያ ሁሉ ክብረ በዓል ይልቅ አንድ አዛውንት በነፃ ባደሉት በዚያ ትንሽ ደብዳቤ ነው።