የዶክተር አንድሬያስ ግሩንትሲግ የሕይወት ታሪክ



የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አለቆች ነው። እኔ ግን ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በሠራት ትንሽ ፊኛ የልብ ሕክምናን ስለ ለወጠ አንድ ሐኪም ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

አንድሬያስ ግሩንትሲግ በ1939 ዓ.ም. በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ ተወለደ። በዚያው ዓመት የተነሣው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አባቱን ስለ ወሰደበት እናቱ እርሱንና ወንድሙን ብቻዋን አሳደገቻቸው። ከጦርነቱ በኋላ በምሥራቅ ጀርመን በላይፕሲክ ከተማ አደገ፤ ኋላም ወደ ምዕራብ ተሻግሮ በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማረና በ1964 ዓ.ም. ተመረቀ። በ1969 ዓ.ም. ወደ ስዊስ አገር ሄዶ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሥራ ያዘ።

በሳይንስ ትምህርታችን እንደ ተረዳነው ልብ ለመላው አካል ደም ትረጫለች። ይሁን እንጂ እርሷም ራሷ ደም ያስፈልጋታል። ይህንን የሚያደርሱላት በላይዋ የተዘረጉት ቀጫጭን ደም ቅዳዎች ናቸው። እነዚህ ውስጣቸው በስብ ተጋግሮ ሲጠብ ሰውየው ደረቱን ይጨንቀዋል፤ አንዱ ድንገት ሲዘጋ ደግሞ ያ የልብ ክፍል ደም አጥቶ ይሞታል።

ከግሩንትሲግ በፊት መንገዱን የጠረጉ ሰዎች ነበሩ። ቨርነር ፎርስማን የተባለው ጀርመናዊ በ1929 ዓ.ም. ቀጭን ቱቦ በገዛ ክንዱ ደም ሥር አስገብቶ እስከ ልቡ አደረሰ፤ ለዚህም በ1956 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። አሜሪካዊው ሜሰን ሶንስ በ1958 ዓ.ም. በቱቦ ቀለም በመርጨት የልብን ደም ቅዳ በራጅ ማየት እንደሚቻል አሳየ። ሌላው አሜሪካዊ ቻርልስ ዶተር በ1964 ዓ.ም. የጠበበ የእግር ደም ቅዳ በቱቦ አሰፋ። እንግዲህ የልብ ደም ቅዳ የት ላይ እንደ ጠበበ ማየት ተችሎ ነበር፤ መንገዱን ለመክፈት ግን ደረትን ሰንጥቆ ኦፕራሲዮን ከማድረግ በቀር ሌላ ዘዴ አልነበረም።

ግሩንትሲግ በቱቦው ጫፍ ፊኛ ቢኖር የጠበበውን ቦታ ከውስጥ ገፍቶ ያሰፋዋል ብሎ አሰበ። ችግሩ ግን ተራ የላስቲክ ፊኛ ሲነፋ በጠበበው ቦታ ሳይሆን በሰፊው በኩል ያብጣል። የሚፈለገው ከተወሰነለት ልክ የማያልፍ ጠንካራ ፊኛ ነበር። ስለዚህ ማታ ማታ ከሆስፒታል ሲመለስ ከባለቤቱ፥ ከረዳቱና ከረዳቱ ባል ጋር በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ፕላስቲክ ሲቆርጥና ሲያጣብቅ ያመሽ ነበር። ጡረታ የወጡ አንድ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰርም ስለ ፕላስቲኩ ዓይነት መከሩት። በ1974 ዓ.ም. ፊኛውን በሰው እግር ደም ቅዳ ላይ ሠራበት፤ ከዚያም አሳንሶ በውሾች ልብ ላይ ሞከረው። በ1976 ዓ.ም. ውጤቱን በአሜሪካ በማያሚ ለሐኪሞች ሲያሳይ ብዙዎቹ ተጠራጠሩ።

ሴፕቴምበር 16 ቀን 1977 ዓ.ም. በዙሪክ የ38 ዓመት ሰው ፈቅዶ በጠረጴዛው ላይ ተኛ። በሽተኛው ነቅቶ ነበር፤ ቀዳጅ ሐኪሞችም ነገሩ ቢበላሽ ለኦፕራሲዮን ተዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር። ቱቦው ከብሽሽቱ ገብቶ ከልቡ ደረሰ፤ ፊኛው ተነፍቶ ተመለሰ፤ የጠበበውም መንገድ ተከፈተ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሲመረመር ያ ደም ቅዳ እንደ ተከፈተ ነበር።

በሰው ሕይወት ላይ እንዲህ ያለ አዲስ ነገር መሞከር ተገቢ ነውን? ብዬ ራሴን ጠይቄአለሁ። በእኔ አስተያየት ተገቢ ያደረገው ከዚያ በፊት የደከመባቸው ዓመታትና ከዚያም በኋላ እውነቱን አለመደበቁ ነው። ዘዴው ኦፕራሲዮን ከሚያስፈልጋቸው ከመቶ ሰዎች ለ10 ወይም ለ15 ያህሉ ብቻ እንደሚሆን በ1978 ዓ.ም. ራሱ ጻፈ። የተከፈተው ደም ቅዳ በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ የሚጠብባቸው ሰዎችም ነበሩ። ሐኪሞችን ሲያስተምር ሥራውን በቴሌቪዥን እያዩ እንዲከታተሉት ያደርግ ስለ ነበር፥ ቢሳካም ቢሰናከልም የሚሰወር አልነበረም።

በ1980 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄዶ በአትላንታ በኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ጀመር። ኦክቶበር 27 ቀን 1985 ዓ.ም. ግን ራሱ የሚነዳው አይሮፕላን በጆርጂያ ወድቆ ከሁለተኛ ባለቤቱ ጋር በ46 ዓመቱ ሞተ። በተከታዩ ዓመት ደም ቅዳው ተመልሶ እንዳይጠብ ደግፎ የሚይዝ የሽቦ መረብ በሰው ልብ ውስጥ ገባ፤ እርሱ ግን ይህን ለማየት አልታደለም።

ውድ ጓደኞቼ፥ መሣሪያ የለንም ብለን ብዙ ጊዜ እናማርራለን። ይህ ሰው ግን የጀመረው በማጣበቂያና በመቁረጫ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ! ትዕግሥቱን ልንቀስም ይገባናል፤ ከትዕግሥቱም ይልቅ የሥራውን ጉድለት ከማንም በፊት ራሱ መናገሩን።