ከመሰላሉ የወረደው መምህር
(የሊቁ የአውግስጢኖስ ሕይወት)

ለዚህች ጋዜጣችን ጽሑፍ በቀረበ ቁጥር የማይቀር አንድ ክርክር አለ። ታላላቆቻችን ኀይል በብዙኀኑ ኀ፣ ሥራ በንጉሡ ሠ ካልተጻፈ ጽሑፉን አንብበው ሳይጨርሱ ያስቀምጡታል። እኛ ታናናሾቹ ደግሞ ድምፁ አንድ ከሆነ ፊደሉ ምን ቸገረን እንላለን፤ ዞር ስንል ግን በሽማግሌዎቹ አጻጻፍ እንሥቃለን።

ከራሴ ልጀምር። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት አያቴ ደብዳቤ ጻፉልኝ። እንደ ቀድሞው ልማድ በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ አስቀምጠው፣ የገጹን እኩሌታ በሰላምታ ሞልተው፣ ከላይ እስከ ታች አንቀጽ ሳይለዩ ነበር የጻፉት። እኔም ለመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸውና አብረን ሣቅን። ያ ሣቅ ምን እንደ ነበረ የተረዳሁት ቆይቼ የአንድ ጥንታዊ ሊቅ ታሪክ ሳነብ ነው። ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለግሁትም የዚህን ሰው ሕይወት ነው። እርሱም የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አውግስጢኖስ በ354 ዓ.ም. በሰሜን አፍሪካ ታጋስቴ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ቦታው ዛሬ በአልጄሪያ ሱቅ አህራስ የሚባለው ነው። እናቱ ሞኒካ ክርስቲያን ነበረች፤ አባቱ ፓትሪክዮስ ግን ያመነው በሕይወቱ መጨረሻ ላይ ነው። ቤተ ሰቡ ሀብታም ባይሆንም ወላጆቹ ልጃቸው ተምሮ ለማዕረግ እንዲበቃ አጥብቀው ይመኙ ነበር።

በግእዝ ሰዋስው ማለት መሰላል ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ለነበረ የአፍሪካ ልጅ ይህ ስም በእውነት የሚስማማ ነበር። ሮማውያን በሚገዙት አገር ሁሉ የላቲንን ቋንቋ በደንቡ የተናገረና የጻፈ ሰው ከትንሽ ከተማ ተነሥቶ ቤተ መንግሥት እስከ መድረስ ይችል ነበርና። ሕፃኑ አውግስጢኖስም በዱላ እየተገረፈ ይህን መሰላል መውጣት ጀመረ። የግሪክን ቋንቋ ጠላ፤ የላቲኑን ባለቅኔ ቨርጂልን ግን እጅግ ወደደ። በታሪኩ ውስጥ ስለ ሞተችው ስለ ንግሥት ዲዶ ያለቅስ እንደ ነበር፣ ስለ ራሱ ነፍስ ግን አንድ እንባ እንዳላፈሰሰ በኋላ በጸጸት ጽፏል።

በማዳውሮስ ከተማ ሲማር ቆይቶ፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነው ገንዘብ ስላጠረ አንድ ዓመት ቤት ዋለ። ከዚያም ሮማንያኖስ የተባለ ያገሩ ባለጸጋ ረድቶት ወደ ካርቴጅ ሄደ። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የሲሰሮንን አንድ መጽሐፍ አንብቦ ጥበብን ለመፈለግ ልቡ ተነሣሣ። መጽሐፍ ቅዱስንም ገለጠ። ነገር ግን ያን ጊዜ በአፍሪካ ይነበብ የነበረው የላቲን ትርጉም በተራ ሰው አነጋገር የተጻፈ ነበር። አውግስጢኖስ ከሲሰሮን ጋር ሲያስተያየው ሻካራ ሆነበትና ናቀው፤ ዘግቶም አስቀመጠው። ከዚህ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ያህል ማኒ የተባለውን ሰው ትምህርት ሲከተል ኖረ። እንግዲህ አስተውሉ፤ ከሚፈልገው እውነት ያራቀው አንዱ ነገር የቋንቋ ኩራት ነበር።

በሙያው ግን ወደ ላይ ወጣ። በታጋስቴ ሰዋስው፣ በካርቴጅ የንግግር ጥበብ አስተማረ። በ383 ዓ.ም. ወደ ሮም ተሻገረ፤ በ384 ዓ.ም. ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ በነበረችው በሚላን የንግግር ጥበብ መምህር ሆኖ ተሾመ። እዚያም ቢሆን ሰላም አላገኘም። ጣልያኖቹ የአፍሪካ ቅላጼውን ይነቅፉበት ነበር፤ እርሱም በበኩሉ የእነርሱን አነጋገር ይነቅፍ ነበር። ያ ሁሉ ትምህርት ተምሮ የአንዲት ቃል አጠራር ያሳፍረው ነበር ማለት ነው።

በሚላን ጳጳሱ አምብሮስዮስ ይሰብክ ነበር። አውግስጢኖስ መጀመሪያ ይሄድ የነበረው የጳጳሱ አንደበት እንደ ዝናው መሆኑን ለመመዘን እንጂ የሚለውን ለመስማት አልነበረም። ነገር ግን ቃሉን ሲያደምጥ ምሥጢሩም አብሮ ገባ። በ386 ዓ.ም. ልቡ ተመለሰ፤ የመምህርነቱንም ወንበር ተወ። በ387 ዓ.ም. በትንሣኤ ሌሊት በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ። በዚያው ዓመት እናቱ ወደ አፍሪካ ሊሻገሩ በመንገድ ላይ ሳሉ ኦስትያ በተባለች ወደብ ዐረፈች። እርሱም ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ።

በ391 ዓ.ም. ለጉዳይ ወደ ሂፖ በሄደ ጊዜ ሕዝቡ ይዞት እርሱ እያለቀሰ ቅስና አስቀበለው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የከተማዋ ጳጳስ ሆነ። ሂፖ ዛሬ በአልጄሪያ አናባ በምትባለው ከተማ ቦታ ላይ የነበረች የወደብ ከተማ ናት። ከፊቱ ቆመው የሚሰሙት እንደ ሚላን ባለሟሎች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ማንበብ የማይችሉ ነበሩ። በገጠሩም ፑኒክ የሚባለውን ቋንቋ የሚናገሩ ነበሩ። ላቲኑ ራሱ በሕዝቡ አፍ እየተለወጠ ነበር። ስለዚህ የሰዋስው መምህሩ አንድ ጥያቄ ገጠመው፦ ሕዝቡን ወደ ሰዋስው ይጎትት ወይስ እርሱ ወደ ሕዝቡ ይውረድ?

እርሱ መውረድን መረጠ። ገና ቄስ ሳለ ዶናቲስት ከሚባሉት ጋር ስለ ነበረው ክርክር ተራው ሕዝብ በቃሉ እንዲይዘው በፊደል ተራ የሚሄድ፣ ሕዝቡ የሚቀበለው አዝማች ያለው መዝሙር ደረሰ። የጥንቱን የላቲን የግጥም ሕግ ግን ሆን ብሎ ተወው፤ የግጥሙ ሕግ ሕዝቡ የማያውቀውን ቃል እንዲያስገባ እንዳያስገድደው ብሎ ነው።

ከ397 እስከ 401 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ኑዛዜ የተባለውን መጽሐፉን ጻፈ። በዚያ ውስጥ ስለ አሮጌ ሙያው የተናገረው ነገር አለ። በላቲን ሰው የሚለው ቃል ሆሞ ነው። የዘመኑ ሕዝብ የመጀመሪያዋን የሀን ድምፅ እየዋጠ ኦሞ ማለት ጀምሮ ነበር። አውግስጢኖስ የታዘበው ይህን ነው፦ የተማሩት ሰዎች ሰውን ከሚጠላ ይልቅ ሰው በሚለው ቃል ላይ አንዲት ድምፅ ያጎደለውን የበለጠ ይጸየፋሉ። ይህን ሳነብ የመኝታ ክፍሉ ሣቅ ትዝ አለኝ።

በ400 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ዲዮግራትያስ የተባለ የካርቴጅ ዲያቆን አዲስ አማኞችን እንዴት እንደሚያስተምር ጠየቀው። አውግስጢኖስም በመልሱ ከሰዋስው ትምህርት ቤት የመጡትን ለይቶ አስጠነቀቀ፤ አገልጋዮች ሲጸልዩ ቋንቋ ቢሳሳቱ እንዳይሥቁባቸው፣ እግዚአብሔር የሚሰማው የልብን ድምፅ መሆኑን እንዲያውቁ አሳሰበ። ቀላሉን ነገር ደጋግሞ ማስተማር ለሚሰለቸውም የወላጆችን ምሳሌ ሰጠው። አባትና እናት ከሕፃን ጋር ሲሆኑ ቃሉን ቆራርጠው ይኮላተፋሉ፤ ይህን የሚያደርጉት ቋንቋ ጠፍቷቸው ሳይሆን ስለሚወዱት ነው።

የልማድን ኀይልም በሚገባ ያውቅ ነበር። በ403 ዓ.ም. ለሄሮኒሞስ በጻፈው ደብዳቤ ኦያ በምትባል ከተማ (ዛሬ ትሪፖሊ) የሆነውን ነገረው። የከተማዋ ጳጳስ ሄሮኒሞስ ከዕብራይስጥ በአዲስ የተረጎመውን ትንቢተ ዮናስ አስነበበ። ለዮናስ ጥላ የሆነችው ቅል በአዲሱ ትርጉም ሌላ ሐረግ ሆና ተገኘች። ሕዝቡ ከአባቶቹ ሲሰማ የኖረው ቃል ስለ ተለወጠበት ሁከት ተነሣ፤ ጳጳሱም መንጋውን ላለማጣት ወደ ቀድሞው ቃል ለመመለስ ተገደደ። አውግስጢኖስ ያን ጊዜ አዲሱን ትርጉም ፈርቶት ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ግን ትምህርተ ክርስትና የተባለውን መጽሐፍ ሲፈጽም የነቢዩን የአሞጽን ቃል በምሳሌነት ያቀረበው ሄሮኒሞስ በተረጎመው መሠረት ነው። በሽምግልናው ልማዱን ለወጠ ማለት ነው።

በዚሁ መጽሐፍ ስለ አጥንትና ስለ አፍ የጻፈው ነገር አለ። በላቲን ኦስ የሚለው ቃል አናባቢው ሲያጥር አጥንት፣ ሲረዝም አፍ ማለት ነው። የአፍሪካ ጆሮ ግን ይህን እጥረትና ርዝመት አይለይም ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ አጥንትን ኦሱም ብሎ ይጠራ ነበር፤ ይህም በሰዋስው ስሕተት ነው። ያ የቀድሞ የሚላን መምህር የሰጠው ፍርድ አስተማሪ ተምሮ ላልተማረ ሲናገር ኦሱም ለማለት ማፈር እንደሌለበት ነው፤ ሰሚው ካልተረዳው ንጹሕ አነጋገር ምን ይጠቅማልና። በመዝሙርም ሕዝቡ ለምዶ የሚዘምረው አንድ የተሳሳተ ግሥ ነበር። ቢታረም ደስ ይለው ነበር፤ ነገር ግን ስሕተቱ ከምሥጢሩ ምንም እንደማያጎድል አስረዳ።

እዚህ ላይ ግን እንዳንሳሳት፤ አውግስጢኖስ የስንፍና ጠበቃ አይደለም። ወጣቶች በዕድሜያቸው ሳሉ የንግግርን ጥበብ ቢማሩ መልካም መሆኑን በዚያው መጽሐፍ ጽፏል። ኦሱም ያለው ኦስን ሳያውቅ ቀርቶ አልነበረም። ከመሰላሉ ወረደ እንጂ መሰላሉን አልሰበረውም።

በ426 እና በ427 ዓ.ም.፣ ዕድሜው ሰባ ሁለት ገደማ ሳለ፣ ከሁሉ የሚያስደንቀኝን ሥራ ሠራ። በሕይወቱ የጻፋቸውን መጻሕፍት ከመጀመሪያው ጀምሮ በተራ እያነበበ ራሱን አረመ። የመረመራቸው ድርሰቶች 93፣ በክፍል ሲቆጠሩ 232 መጻሕፍት ነበሩ። ለምሳሌ በወጣትነቱ ፎርቱና፣ ማለትም ዕድል፣ የሚለውን ቃል አብዝቶ በመጻፉ ተጸጸተ፤ ሰዎች እግዚአብሔር ፈቀደ በማለት ፈንታ ዕድል አደረገው ማለት እንደ ለመዱ አይቷልና። ሌሎችን ሲያርም የኖረ የሰዋስው መምህር በመጨረሻ ቀይ ቀለሙን በራሱ ጽሑፍ ላይ አዞረው። መጻሕፍቱንም በተጻፉበት ተራ ያስቀመጣቸው አንባቢ እርሱ ሲጽፍ እንዴት እያደገ እንደ ሄደ እንዲያይ ነው።

በ430 ዓ.ም. ቫንዳሎች ሂፖን ከብበው ሳሉ ታመመ። የንስሓ መዝሙራት የሆኑትን የዳዊትን መዝሙራት አስጽፎ በአልጋው ትይዩ በግድግዳው ላይ አስለጠፈ፤ እነርሱንም እያነበበ ያለቅስ ነበር። በወጣትነቱ ቋንቋው ሻካራ ነው ብሎ ከናቀው መጽሐፍ የተወሰዱ ቃላት ነበሩ። ነሐሴ 28 ቀን በአውሮፓውያኑ ወር፣ በሰባ አምስት ዓመቱ ዐረፈ። ንብረት ስላልነበረው ኑዛዜ አልጻፈም፤ የቤተ ክርስቲያኑ መጻሕፍት ግን በጥንቃቄ እንዲጠበቁ አደራ ብሎ ነበር።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፤ እኛም እናረጃለን። ዛሬ የምንኮራበት አጻጻፍ ነገ ለልጆቻችን መሣቂያ ይሆናል። ስለዚህ የሊቁን ሁለቱን ነገሮች እንያዝ፦ ደንቡን ጠንቅቀን እንማር፤ ደንቡን የተማርነው ግን ለሰሚው ብለን መሆኑን አንርሳ። ብዙኀኑን ኀ ከታላላቆቻችን ብንማር አንጎዳም። ሌላውን ለማረም ከመቸኮላችን በፊት ደግሞ የራሳችንን ገጽ እንመልከት።

ለአያቴ መልስ የጻፍኩት ዘግይቼ ነው። አሁን ዐይናቸው ስለ ደከመ ባዶ ቦታ ብቻ የለያቸው ቃላት ይደባለቁባቸዋል። እኔም በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ አደረግሁ፤ የገጹንም እኩሌታ በሰላምታ ሞላሁት። ማንም ሳያግዛቸው ብቻቸውን አነበቡት ብለው ነገሩኝ።

አምላካችን ማስተዋሉን ያድለን። አሜን።