ሲኬይሮስና የርጭት ቀለም

ሜክሲኮአዊው ሠዓሊ ዳቪድ አልፋሮ ሲኬይሮስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1896 ተወለደ። በአገሩ አብዮት በወታደርነት ካገለገለ በኋላ ሥነ ጥበብ ከባለጸጎች ሳሎን ወጥቶ በአደባባይ ግድግዳ ላይ ለሕዝብ እንዲውል ታገለ።

በ1932 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሲሚንቶ ግድግዳዎች ገጠሙት። ሲሚንቶው ፈጥኖ ስለሚደርቅ የብሩሹ ሥራ አዘገመበት። ስለዚህ በተጨመቀ አየር የሚሠራውን የቀለም መርጫ አነሣ። በዚያው ዓመት በኦልቬራ ጎዳና የሠራው «ትሮፒካዊት አሜሪካ» የተሰቀለ የአገሬው ተወላጅ በማሳየቱ ብዙዎችን አስቆጣ፤ ብዙም ሳይቆይ በነጭ ቀለም ይሸፈን ጀመር።

በ1936 ኒው ዮርክ ላይ የሙከራ ወርክሾፕ ከፈተ። ጃክሰን ፖሎክ በነበረበት በዚህ ወርክሾፕ የአውቶሞቢል ናይትሮሴሉሎስ ቀለም ይረጭ፣ ይፈስ፣ ይንጠባጠብ ነበር። ቀለሙ ፈጥኖ ይደርቃል፤ ጠንካራና አንጸባራቂ ገጽም ይሰጣል። ነገር ግን ማቅጠኛው ተቀጣጣይ፣ ትነቱም ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ በቂ አየር ይሻል።

በፖለቲካው ግን ብሩሹን ብቻ አልያዘም፤ በ1940 በትሮትስኪ ቤት ላይ የተፈጸመውን የታጠቀ ጥቃት መርቷል። ከ1960 እስከ 1964 ደግሞ በሌላ ክስ ታሰረ። በ1974 አረፈ።

የኦልቬራው ሥዕል በ2012 ዳግም ለሕዝብ ታየ። ጠጋኞቹ የደበዘዘውን ቀለም አጸዱ፣ አጸኑ እንጂ እንደገና አልቀቡትም። መርጫው ፍጥነትን ይሰጣል፤ ዕድሜን የሚወስኑት ግን የቀለሙና የገጹ ስምምነት፣ ፀሐዩም ናቸው።