ይድነቃቸው ተሰማና የተጫዋቾች ውል

ለማኅበራችን የኢዮቤልዩ መጽሔት ስለ አንድ ታላቅ ኢትዮጵያዊ እንድንጽፍ በተጠየቅን ጊዜ ብዙ ስም ተነሥቶ ነበር። ስለ ነገሥታቱና ስለ አርበኞቹ ከእኛ አብልጦ የሚጽፍ ስለማይጠፋ፣ እኛ አቶ ይድነቃቸው ተሰማን መርጠናል። እዚህ ዌስትላንድስ ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን የአርሴናልንና የማንቸስተርን ተጫዋቾች ስም ከነደመወዛቸው በቃላቸው ይወጡታል። የአፍሪካን ዋንጫ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ የአገራቸው ሰው መሆኑን ስንነግራቸው ግን ይገረማሉ። ቀጥሎ የሚያነሡት ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ስንት ይከፈለው ነበር ይላሉ። ምንም እንዳልተከፈላቸው ስንነግራቸው አያምኑንም። እንግዲህ የሕይወት ታሪካቸውን በዚህ በኩል ገብተን እንድናየው አንባቢዎቻችን ይፍቀዱልን። ዓ.ም. ብለን ካልጻፍን በስተቀር የዘመን ቁጥሩ የፈረንጆቹ ነው።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ጅማ ነው። አባታቸው በግጥምና በዜማ የታወቁት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ነጋድራስ ወደ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ስለሆኑ፣ የልጃቸው በዓለም መድረክ መቆም ከቤት የመጣ ነው ማለት ይቻላል። አቶ ይድነቃቸው አዲስ አበባ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተምረዋል። ኳሱንም ያወቁት በተማሪነታቸው ነው።

በ1935 ማብቂያ፣ ጣሊያን አገሩን በወረረበት ወራት፣ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ አራዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲመሠርቱ አቶ ይድነቃቸው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከዚያ ዓመት እስከ 1958 ድረስ 23 ዓመት ሙሉ ለዚያው ለአንድ ክለብ ተጫውተዋል። በ365 ጨዋታዎች 318 ጎሎች እንዳገቡም ተመዝግቧል። ዛሬ ተጫዋች በሁለት ዓመት ሦስት ማልያ በሚቀይርበት ዘመን ይህ ተረት ይመስላል። በዚያን ጊዜ ግን ፊርማ የለም፣ የዝውውር ክፍያ የለም፣ ወኪል የሚባል ሰው የለም። ኳሱም ማልያውም የሚገዛው በመዋጮ ነበር። ተጫዋቹን ከክለቡ ጋር ያሰረው ሠፈሩና ጓደኞቹ ናቸው።

በጠላት ወረራ ዘመን ማሰሪያው ሌላም ነበር። ጣሊያኖች ኢትዮጵያውያንን ከነጮች ጋር እንዳይጫወቱ ለይተው፣ የክለቡንም ስም አስለውጠው ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር አሰኙት። አገር ነጻ ከወጣ በኋላ ጊዮርጊስ በራሱ ስም ሜዳ ገባ። በ1936 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ውድድር ሲደረግ አምስት ቡድን ተሰለፈ፤ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን፣ ከኢትዮጵያውያን ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱት። ከአምስቱ አራቱ የውጭ ዜጋ መሆናቸው አያስደንቅም። እኛም እዚህ ናይሮቢ ማኅበር ስናቋቁም ልጆቹን ከሰበሰብንባቸው ነገሮች አንዱ ኳስ ነበር፤ የሰው አገር ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

አቶ ይድነቃቸው በዚያ ዘመን ሜዳ ላይ ብቻ አልቀሩም። በ1943 በተቋቋመው የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ሥራ ውስጥ ገብተው፣ እየተጫወቱ ያስተዳድሩም ነበር። በየካቲት 1957 ካርቱም ላይ ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠርቱ ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። እዚያው የመጀመሪያው ጭቅጭቅ የቡድን ምርጫ ሆነ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ እልካለሁ፣ ቀላቅዬ አልልክም አለች። የቀሩት ሦስቱ እንዲህ ያለ ቡድን አንቀበልም ብለው ከውድድሩ አስወጧት። ኢትዮጵያም ከእርሷ ጋር የነበራት ጨዋታ ቀርቶ በቀጥታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በግብጽም 4 ለ 0 ተሸነፈች። ጎሉ ቢቆጭም የተመሠረተው ነገር ይበልጣል።

ቡድን ማዋቀር ምን እንደሆነ አቶ ይድነቃቸው ያሳዩት በ1962 ነው። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ ብሔራዊ ቡድኑን በአሠልጣኝነት የመሩት እርሳቸው ነበሩ። ተጫዋቾቹን ከአዲስ አበባ፣ ከድሬዳዋና ከአስመራ አሰባሰቧቸው። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ እናታቸው ኤርትራዊት፣ አባታቸው ጣሊያን ናቸው። መንግሥቱ ወርቁ ከጊዮርጊስ መጣ። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፉ። ጥር 21 በተደረገው ፍጻሜ ሁለት ጊዜ ተመርተው ሁለት ጊዜ አቻ ሆኑ፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎና መንግሥቱ አግብተው ግብጽን 4 ለ 2 ረቱ። ሉቺያኖ ዋንጫውን ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ይኸው እስከ ዛሬ ሌላ አላመጣንም።

ያ ቡድን ከምን ይኖር ነበር? ልጆቻችን የሚጠይቁት ይህንኑ ስለሆነ እንመልስላቸው። በኢትዮጵያ ትልልቆቹ ክለቦች የመሥሪያ ቤት ነበሩ። መቻል የጦር ሠራዊቱ፣ ኦሜድላ የፖሊስ፣ ኮተን የድሬዳዋው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ጎበዝ ተጫዋች ሲገኝ ክለቡ የሚሰጠው ሥራ ነበር። ደመወዙም የወታደር ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዝ ነው፤ ኳሱ በላዩ ላይ ነው። ጉልበቱ ሲደክም ወንበሩ ስለማይቀርበት ቤተሰቡ አይበተንም ነበር። እዚህ ኬንያም እንደዚሁ ነበር፤ የዛሬው ተስከር ኬንያ ብሩዋሪስ ይባል በነበረ ጊዜ ስሙ ራሱ አሠሪውን ይናገራል። ይህ አሠራር ደኅንነት ነበረው፣ ግን አንድ ቀዳዳም ነበረው። ተጫዋቹ ከክለቡ ጋር የኳስ ውል አልነበረውም። ውል ከሌለ ደግሞ ሌላው መጥቶ ሲወስደው የሚጠየቅበት ወረቀት የለም።

የአውሮፓ ክለቦች ይህንን ቀዳዳ ያወቁት ቀድመው ነው። ኢዩሴቢዮ በ1960 ከሞዛምቢክ ወደ ቤንፊካ ሄደ። የማሊው ሳሊፍ ኬይታ በ1967 ሴንት ኤቲየን ገባ። የኮትዲቯሩን ሎራን ፖኩን ኢትዮጵያውያን መቼም አንረሳውም። በ1968 አዲስ አበባና አስመራ ላይ በተደረገው ዋንጫ ስሙ ወጣ፤ በ1970 ሱዳን ላይ በእኛው ላይ ብቻ አምስት ጎል አገባ፤ በ1973 ደግሞ ፈረንሳይ ሬን ገባ። አውሮፓ ውስጥ ክለቡ ተጫዋቹን በፊርማ ይይዘው ነበር፤ ውሉ ካለቀ በኋላ እንኳ ያለ ክፍያ አልለቅም ማለት ይችላል። የአፍሪካው ክለብ ግን ልጁን ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ አሳድጎ ኤርፖርት ላይ ይሰናበተው ነበር።

አቶ ይድነቃቸው ለዚህ ነገር የነበራቸው መልስ ከሕይወታቸው የተቀዳ ነው። በ1965 ኮንፌዴሬሽኑ አንድ አገር ለአፍሪካ ዋንጫ በውጭ የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች ብቻ እንዲያሰልፍ ደንብ አወጣ። እርሳቸው ያን ጊዜ ከአመራሩ አንዱ ነበሩ፤ በ1972 ፕሬዚዳንት ከሆኑም በኋላ አሳቡን ይዘው ቆይተዋል። ክርክራቸው ባጭሩ ይህ ነው። ምርጥ ምርጡ ከሄደ የአገር ውስጥ ውድድር ይደኸያል፣ ተመልካቹም ሜዳ መምጣት ይተዋል፣ አፍሪካም ጥሬ አምርታ የተዘጋጀውን መልሳ የምትገዛ ትሆናለች። ቡና የምንሸጥ ሰዎች ይህ ክርክር ቶሎ ይገባናል። ጥሬው ከአገር ይወጣል፣ የተቆላው በቆርቆሮ ታሽጎ ሳሪት ሴንተር መደርደሪያ ላይ በስንት እጥፍ ዋጋ ይጠብቀናል።

ይህን ካልን በኋላ የሚሰማንንም መሸሸግ የለብንም። አቶ ይድነቃቸው ሌላውን ሁሉ በራሳቸው ልክ የሰፉት ይመስለናል። እርሳቸው 23 ዓመት ያለ ውል ስለተጫወቱ፣ ለማልያ ፍቅር ብቻ መጫወት ለሁሉም የሚቻል መሰላቸው። ሁለት ሰው ብቻ የሚለው ደንብ የሚጎዳው የአውሮፓን ክለብ አልነበረም። የሚጎዳው እናቱን ሊረዳ የተሰደደውንና ለአገሩ መጫወት የሚፈልገውን ልጅ ነው። ለእንጀራ የተሰደድን ሰዎች ይህንን ባንናገር ማን ይናገረዋል? ደንቡ በ1982 ተነሣ። በዚያው ዓመት በስፔኑ የዓለም ዋንጫ አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ካሜሩንም ሳትሸነፍ ተመለሰች። የአልጄሪያ መንግሥት ተጫዋቾቹ 28 ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ውጭ እንዳይሄዱ ከልክሎ ስለነበር፣ አቶ ይድነቃቸው ትክክል ነበሩ የሚሉ ሰዎች ይህንን ይጠቅሳሉ። የካሜሩኑ ሮዠ ሚላ ግን ከ1977 ጀምሮ ፈረንሳይ ነበር። እንግዲህ ማስረጃው ለሁለቱም ወገን ይሆናል።

በሌላው ትግላቸው ግን የሚከራከራቸው የለም። ለ1966 የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ አንድ የራሷ ቦታ አንሰጥም በተባለ ጊዜ፣ ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው አህጉሩ በሙሉ ከማጣሪያው እንዲወጣ አደረጉ። ለ1970 ቦታው ተገኘ። በአፓርታይድ ላይ የያዙትን አቋም ለአንድ ቀን አላላሉም። በ1974 ፍራንክፈርት ላይ ለደቡብ አፍሪካ ያዘነብሉ የነበሩት ሰር ስታንሊ ራውስ ከፊፋ ፕሬዚዳንትነት ሲወርዱና የብራዚሉ ሃቬላንዥ ሲመረጡ የአፍሪካ ድምፅ ወሳኝ ነበር። ደቡብ አፍሪካ በ1976 ከፊፋ ጨርሳ ተባረረች። ከ1982 ጀምሮ የአፍሪካ ቦታ ሁለት ሆነ። ከአሁኑ የአፍሪካ ተጫዋቾች ውል ላይ የሚታየው ዋጋ መሠረቱ የተጣለው እዚያ ላይ ነው፤ በዓለም ዋንጫ ያልታየን ተጫዋች ማን በሚሊዮን ይገዛዋል?

ከእርሳቸው በኋላ የመጣውን ባጭሩ እንንገር። በ1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ለቤልጂየማዊው ቦስማን ፈረደለትና ውሉ ያለቀ ተጫዋች በነጻ መሄድ ቻለ። በ2001 ፊፋ ሌላ ደንብ አወጣ። ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዛወር ከክፍያው እስከ 5 በመቶ የሚሆነው፣ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅም ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከአገር ወደ አገር እንዳይዛወር ተከለከለ። የናይሮቢው ልጅ ቪክተር ዋንያማ በ2013 ከሴልቲክ ወደ ሳውዝሃምፕተን ሲሄድ ወደ 12.5 ሚሊዮን ፓውንድ ወጥቶበታል ተብሏል። አምስት በመቶው ስንት እንደሚሆን ልጆቻችሁን አስሉአቸው። አቶ ይድነቃቸው የጮኹበት ጉዳይ፣ በእገዳ ያልተገኘው፣ በከፊልም ቢሆን በወረቀት ተገኘ። ይህ ገንዘብ የሚደርሰው ግን ልጁን በስሙ አስመዝግቦ ለያዘ ክለብ ብቻ ነው።

በአገራችንም ነገሩ ተገልብጧል። ሥራ የሚሰጥ ክለብ ቀርቶ በፊርማ የሚከፍል ክለብ መጣ። የተጫዋች ወጪ እጅግ ስለናረ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ተወስኖ ነበር። አቶ ይድነቃቸው ይህንን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር እያልን ሱቃችን ደጃፍ ላይ ብዙ ጊዜ ተከራክረናል።

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወኪል ነኝ ባይ ወደ እኛ መጥቶ ነበር። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ለሙከራ አውሮፓ እወስዳለሁ፣ ወላጅ የጉዞውንና የጉዳዩን ገንዘብ አስቀድሞ ይክፈል አለ። የመኪናቸውን ሊብሬ ሊያስይዙ የተዘጋጁ ቤተሰቦች ነበሩ። ልጁ ስንት ዓመቱ እንደሆነና ደንቡ ምን እንደሚል ሲጠየቅ ሻይውን ሳይጨርስ ሄደ። ልጁም ትምህርቱን ጨርሶ ዛሬ በደህና ሥራ ላይ ነው፤ እሁድ እሁድም ይጫወታል።

አቶ ይድነቃቸው ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት የመሩት እስከ ዕለተ ሞታቸው ነው። በመጨረሻው ክረምታቸው፣ ከነሐሴ 1 እስከ 12 ቀን 1987 በፈረንጆቹ፣ አራተኛው የመላው አፍሪካ ጨዋታ እዚሁ ናይሮቢ ካሳራኒ ላይ ተደረገ። ኬንያ ለእግር ኳሱ ፍጻሜ ደርሳ በግብጽ 1 ለ 0 ተሸነፈች። አቶ ይድነቃቸው ጨዋታው በተዘጋ በሳምንቱ፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ አዲስ አበባ ላይ አረፉ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ኢትዮጵያ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ወሰደች። ጎር ማሂያም የቱኒዚያውን ኤስፔራንስ ቱኒዝ ላይ 2 ለ 2፣ ናይሮቢ ላይ 1 ለ 1 ወጥቶ የአፍሪካን ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ወደዚህች ከተማ አመጣ። ያ ቡድን ከዚሁ ከኬንያ ሜዳዎች የተሰበሰበ ነበር።