ሬጂናልድ ሐምሊን

ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን (እ.ኤ.አ. 1908–1993) የመጨረሻዎቹን 34 የሕይወት ዓመታት በኢትዮጵያ ያሳለፉ ኒውዚላንዳዊ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነበሩ። ከባለቤታቸው ከዶክተር ካትሪን ሐምሊን ጋር የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሥርተዋል። ካትሪን እስከ 2020 እ.ኤ.አ. በሕይወት ስለቆዩ ዛሬ የሆስፒታሉ ስም ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው እሳቸውን ብቻ ነው። የሕክምናው ዘዴ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሁለቱ እጅ የተገነባ ነው።

ከኢትዮጵያ በፊት

ሐምሊን በአውስትራሊያ ሲድኒ ከተማ በክራውን ስትሪት የሴቶች ሆስፒታል የበላይ ሐኪም ነበሩ። በዚያ ሳሉ ኤክላምፕሲያ የሚባለውን፣ በእርግዝና ጊዜ ከደም ግፊት ጋር የሚመጣውን የሚያንቀጠቅጥ በሽታ፣ የእናቶችን አመጋገብና ክብደት በቅርብ በመከታተል ለመከላከል ሠሩ። ውጤቱም በ1952 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። ካትሪን ኒኮልሰንን ያገኟት በዚሁ ሆስፒታል ሲሆን በ1950 እ.ኤ.አ. ተጋቡ።

ወደ ኢትዮጵያ ያመጣቸው ማስታወቂያ ነው። አዲስ አበባ በሚገኘው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል (የዛሬው የጦር ኃይሎች ሆስፒታል) የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ሐኪም ይፈለግ ነበር። ባልና ሚስቱ ለሦስት ዓመት ተዋውለው በ1959 እ.ኤ.አ. ገቡ።

ያልጠበቁት በሽታ

እዚህ ያገኙት ፊስቱላ በሀገራቸው የጠፋ ያህል ነበር፤ ሁለቱም ከዚያ በፊት አክመው አያውቁም። ምጥ ለቀናት ሲራዘምና የሕፃኑ ራስ ማለፍ ሲያቅተው፣ የሽንት ፊኛውን ከዳሌው አጥንት ጋር አጣብቆ ይጫነዋል። የተጫነው ሥጋ ደም ያጣል፣ ይሞታል፣ ከቀናት በኋላም ተቆርሶ ይወድቃል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል፤ እናቲቱ ደግሞ በተፈጠረው ቀዳዳ በኩል ሽንቷ ሌት ተቀን ይፈስሳል። ከሽታው የተነሣ ብዙዎች ከትዳር ይፈታሉ፣ ከሰው ይርቃሉ።

ሐምሊኖች ቀዶ ሕክምናውን የተማሩት በዘርፉ የቀደሟቸው ሐኪሞች ከጻፉትና ከሣሉት ነው፤ በተለይም ከግብፁ ናጊብ ማሕፉዝና ከጀርመኑ ሃይንዝ ኪርሾፍ። የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ድነው ሲመለሱ ወሬው በየገጠሩ ተሰማና ታካሚዎች ከሩቅ ክፍላተ ሀገር መምጣት ጀመሩ።

የዚያን ጊዜ መንገድ ምን ማለት እንደነበረ ለመረዳት ዋግን መውሰድ ይበቃል። ሰቆጣ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከዋግ ደጋ የምትነሣ ሴት መጀመሪያ በእግር ወይም በበቅሎ ወደ ኮረም ወይም ወደ ወልዲያ ወጥታ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን ዋና መንገድ መያዝ ነበረባት። ከዚያም አውቶቡስ ላይ መቀመጥ አለ፤ ልብሷ የረጠበን ሴት ደግሞ ተሳፋሪውም ሾፌሩም ብዙ ጊዜ አይፈልጓትም። ይህችው ሴት በምጥ ላይ ሳለች ሐኪም ዘንድ ያላደረሳት መንገድ ነው፤ በሽታው የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ

የቀዶ ሕክምናው ስኬት የሚወሰነው በስፌቱ ብቻ አይደለም። ከስፌቱ በኋላ ፊኛው እንዳይሞላና እንዳይወጠር ካቴተር የሚባል ቀጭን የሽንት ቱቦ ይገባል፤ በዚያን ዘመን ለሁለት ሳምንት ገደማ ማቆየት የተለመደ ነበር። (የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ቀላል ለሆነ ፊስቱላ ከ7 እስከ 10 ቀን እንደሚበቃ መክሯል።) ቱቦው በደም ጓል ከተዘጋ ወይም ከታጠፈ ፊኛው ይሞላና ስፌቱን ሊበጥሰው ይችላል። በአንዲት ሌሊት ጥንቃቄ ጉድለት የሰዓታት ሥራ ይበላሻል ማለት ነው።

ስለዚህ ካቴተር ያላት ታካሚ አንሶላ ሲረጥብ ቀዶ ሕክምናው ከሸፈ ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። መጀመሪያ ቱቦው መፍሰሱን ማየት፣ የታጠፈውን ማቃናት፣ የተዘጋውን በንጹሕ ፈሳሽ ማጠብ ያስፈልጋል። ፊኛው ራሱ እየተኮማተረ ሽንቱን በቱቦው ዙሪያ ሊገፋው ይችላል፤ ድርቀትና ኢንፌክሽንም ይህንን ያባብሳሉ። ወፍራም ቱቦ መቀየር ብዙ ጊዜ መፍትሔ የሚመስል ቢሆንም ፊኛውን ይበልጥ ሊያስቆጣው ይችላል። ብዙ ውኃ መጠጣት ግን ሽንቱን ስለሚያቀጥን ቱቦው እንዳይደፈን ይረዳል። ይህን ክትትል በፊስቱላ ሆስፒታል ከሚሠሩት መካከል ቀድሞ ታካሚ የነበሩ ሴቶች ነበሩበት።

ከዚህ የከበደው ችግር ሌላ ነው። ቀዳዳው በደንብ ተዘግቶ እንኳ ሽንቱ የማያቆምላቸው ሴቶች አሉ፤ ምክንያቱም የተጎዳው ፊኛው ብቻ ሳይሆን ሽንትን ወደ ውጭ የሚያወጣውና የሚይዘው ቧንቧ ጭምር ነው። ሐምሊንና ባለቤታቸው በ1969 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ያሳተሙት ጽሑፍ በምጥ ሙሉ በሙሉ የጠፋን የሽንት ቧንቧ እንደገና ስለመሥራት ነበር። አዲሱን ቧንቧ ከጭን ውስጠኛ ክፍል በሚዞር ጡንቻ ይደግፉት ነበር። (በጽሑፉ ላይ ካትሪን የሚታወቁት በአባታቸው ስም፣ በኒኮልሰን ነው።) ለሕክምናው ዓለም ካበረከቱት ሁሉ ሐምሊንን ከሌሎች ፊስቱላ ሐኪሞች የሚለያቸው ይህ ሥራ ይመስላል፤ የተደፈነን ቀዳዳ ሳይሆን ደርቃ የምትሄድን ሴት መቁጠር የሚጠይቅ ነውና።

ሆስፒታሉ

በልዕልት ፀሐይ ግቢ የፊስቱላ ታካሚዎች ቁጥር ከሌሎቹ አልጋዎች ጋር አልመጣጠን ሲል የራሳቸው ሆስፒታል በ1974 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። ዓመቱ የንጉሡ መንግሥት የወደቀበት ነው። ብዙ የውጭ ዜጎች ሲወጡ ሐምሊኖች ቀሩ፤ በደርግ ዘመን ሁሉ ሕክምናው በነፃ ቀጠለ።

ሐምሊን ከሠለጠኑ ሐኪሞች ሌላ ተራ ታካሚ የነበሩትንም አስተምረዋል። ከእነዚህ የምትታወቀው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለሕክምና የመጣችውና መደበኛ ትምህርት ሳይኖራት በአጠገባቸው ቆማ ቀዶ ሕክምና የተማረችው ማሚቱ ጋሼ ናት። በ1989 እ.ኤ.አ. የለንደኑ የንጉሣዊ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ለሐምሊኖችና ለማሚቱ በጋራ ተሰጠ።

ሐምሊን በ1993 እ.ኤ.አ. አርፈው አዲስ አበባ በሚገኘው የእንግሊዝ ጦር መካነ መቃብር ተቀበሩ። ከእሳቸው በኋላ ሆስፒታሉ በክልሎች ቅርንጫፎችን የከፈተ ሲሆን በ2005 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የባሕር ዳር ማዕከል ለሰቆጣና ለዋግ ኽምራ ሴቶች ከአዲስ አበባ ይልቅ ይቀርባል። ካትሪን በ2020 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ በባለቤታቸው አጠገብ ተቀበሩ።